ስለ መሰላል መምረጥ

ልጆቼ ሆይ፤ መስኮት ማለት ብርሃን የሚገባበት የቤት ዐይን ነው። በባላገር የነበሩት የአያቶቻችን ቤቶች ግን መስኮት አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም በእንጨት መዝጊያ የሚዘጋ ትንሽ ቀዳዳ ነበረ እንጂ መስተዋት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ስለዚህም መስኮት መጥረግ የሚባል ሥራ አይታወቅም ነበር። እኔ በልጅነቴ ዳዊት በደገምሁበት አገር መሰላል የሚፈለገው ለጥቂት ነገር ብቻ ነበረ፤ ይኸውም የሣር ክዳን ለማደስ፤ በቆጥ ላይ እኽል ለመስቀል፤ ከዛፍ ላይም የንብ ቀፎ ለማውረድ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈርም ቤቶቿ ድንኳንና የሣር ክዳን ነበሩ። የቦሌ ሜዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን እርሻና ግጦሽ ሁኖ ኖረ። የአውሮፕላኑ ማረፊያ ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን ቤት ቤትን እየሳበ ሄደና፤ ዛሬ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ጀምሮ በገርጂ፤ በጎሮ፤ በሰሚትና በሲኤምሲ አልፎ እስከ አያት ድረስ አገሩ ሁሉ ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሞልቶበታል። የቤቱም ግድግዳ እኩሌታው መስተዋት ነው። በበጋ የየግንባታው አቧራ ይለብሰዋል፤ በክረምትም ዝናሙ ያንኑ አቧራ ጭቃ አድርጎ ያወርድበታል። ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ ዕንቍጣጣሽ ደረሰና፤ ባለቤት የሆነ ሰው ሁሉ መስኮቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማስጠረግ ይፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በዚህ ሳምንት ውስጥ በዐይን ይታያል።

አንዱ ወንበሩን በጠረጴዛ ላይ ይጭናል። ሌላው በርሜል ገልብጦ ይወጣበታል። አንዲቱ የቤት ሠራተኛ ደግሞ በላይኛው መስኮት ደፍ ላይ ቆማ፤ በአንድ እጇ መዝጊያውን ይዛ፤ በሌላው በጋዜጣ ወረቀት መስተዋቱን ታሻለች። ከታች ሁኖ የሚያያት ሰው «አይዞሽ» ይላታል፤ ነገር ግን አይዞሽ የሚለው ቃል ሰውን ከአየር ላይ ሊይዝ አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ሳይታሰብ በሚደርስ ጉዳት ከሚሞቱትም መካከል ይህን ቍጥር የሚበልጠው የመንገድ አደጋ ብቻ ነው። እርግጥ በዚህ ቍጥር ውስጥ በቤታቸው ወለል ላይ የሚወድቁ ሽማግሎችም አሉ፤ ሁሉም ከመሰላል የወደቀ አይደለም።

ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣትስ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በትግራይ ያለውን የደብረ ዳሞን ገዳም ሰምታችኋል። ወደ ገደሉ ራስ የሚወጣው በገመድ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ገመዱ ሁለት ነው። በአንዱ ወጪው በእጁ እየያዘ ይወጣበታል፤ ሁለተኛውን ጠፍር ግን በወገቡ ይታጠቀዋል፤ ይህን ከላይ የተቀመጠ መነኵሴ ይዞ ይስበዋል። ወጪው እጁ ቢዝል ጠፍሩ ይይዘዋል። እነዚያ አባቶች ሰው ይደክማል ብለው አስቀድመው አሰቡ፤ ሁለተኛውንም ገመድ የጨመሩት ስለዚህ ነው።

አሁን ከጥቂት ዓመታት በፊት በገርጂ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤታቸው ከቤቴ ጋራ አጥር ለአጥር የሚገናኝ አንዲት እናት አሉ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት አላቸው። በውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ለዕንቍጣጣሽ ልትመጣ ነበረና፤ መስኮት የሚጠርግ አንድ ወጣት አስጠሩ። ይህ ወጣት ከጎጃም የመጣ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ገብቶ ስለ ነበረ እኔን የኔታ ይለኛል። በክረምት መውጫ በየቤቱ እየዞረ መስኮት ይጠርጋል፤ ከሚያገኘውም ለእናቱ ይልክላታል። ያን ጊዜ የራሱ መሰላል አልነበረውም፤ በየቤቱ ባገኘው ይሠራ ነበር።

የእትዬ ዘበኛ በአጠገቡ ከሚሠራው ሕንፃ አንድ የባሕር ዛፍ መሰላል ተውሶ አመጣ። ወጣቱ ባልዲውን አስቀምጦ መሰላሉን ከእግሩ እስከ ራሱ ዐየው፤ መወጣጫዎቹንም አንድ በአንድ በእጁ አንቀጠቀጣቸው። ከዚያም ግድግዳው ላይ አስጠጋው፤ መሰላሉ ከላይኛው መስኮት ደፍ ሳይደርስ ሁለት ክንድ ያህል ቀረ።

ዘበኛው «ምን ቸገረህ? በርሜሉን ገልብጬ በላዩ አቆምልሃለሁ፤ እኔም እይዘዋለሁ» አለው።

ወጣቱም «ጋሼ፤ ከታች ያለው ሴራሚክ ሳሙና ሲነካው ይንሸራተታል፤ በርሜሉም ይንሸራተታል፤ መሰላሉ ደግሞ በበርሜሉ ላይ ይንሸራተታል። እርስዎ የትኛውን ይይዙልኛል?» ብሎ መለሰለት።

በዚህ ጊዜ እትዬ ከደጃፉ ወጡ። «አንተ ልጅ፤ አምና የጠረገው ልጅ በዚሁ ዐይነት መሰላል ወጥቶ ነው እኮ። ልጄ ዐርብ ትገባለች፤ መስኮቴን እንዲህ ሁኖ ልታየው ነውን? በል፤ ከተነጋገርነው በላይ እጨምርልሃለሁ» አሉት።

«እትዬ፤ ልጅዎ በሰላም ትግባልዎ። እኔም እናት አለችኝ። የታችኞቹን መስኮቶች ዛሬ እጠርግልዎታለሁ፤ ለላይኞቹ ግን የሚበቃ መሰላል ካላገኘሁ አልወጣም።»

«እንግዲያስ ግማሽ ሥራ አልፈልግም፤ ሌላ አስጠራለሁ» ብለው ገቡ። ወጣቱም እጅ ነሥቶ ባልዲውን አንሥቶ ሄደ። ያ ሳምንት የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ሳምንት እንደ ነበረ እኔ ዐውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ልጅ መጣ። በርሜሉ ተገለበጠ፤ መሰላሉም በላዩ ቆመ፤ ዘበኛው በርሜሉን ዐቅፎ ያዘ፤ ልጁም ወጥቶ ጠርጎ ወረደ፤ ገንዘቡንም ተቀብሎ በደኅና ሄደ። አልወደቀም።

ይህንን ስነግራችሁ ከእናንተ አንዱ «የኔታ፤ ታዲያ የወጣው ልጅ ብልህ፤ የተመለሰው ሞኝ መሆኑ አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በችኰላም አይመለስም። የተመለሰው ልጅ በእውነት ተጐድቷል፤ ያን ቀን ባዶ እጁን ገብቷል፤ ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አልነግራችሁም። ነገር ግን የባሕር ዛፍ መሰላል ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ባሕር ዛፍ ገና እርጥብ ሳለ ይቈረጣል፤ እርጥብ ሳለም በምስማር ይመታል። ሲደርቅ ይሸሻል፤ ይሰነጠቃልም፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ምስማሩ ከገባበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ሰው በወጣበት ቍጥር ምስማሩ ጥቂት ይላላል። ስለዚህ አምና የያዘው መሰላል ዘንድሮ አንድ መሰላል አይደለም። በርሜሉም ትናንት ስላልተንሸራተተ ዛሬ አልንሸራተትም ብሎ ቃል አልገባም። ወጥቶ ያልወደቀው ልጅ የመሰላሉን ደኅንነት አላስረዳንም፤ ያስረዳን ነገር ቢኖር ያን ቀን እንዳልወደቀ ብቻ ነው።

በጥቅምት የወጣቱ ዕቁብ ደረሰው። አንድ ቅዳሜ በጠዋት ወደ ቤቴ መጥቶ «የኔታ፤ መሰላል ልገዛ ነው፤ ነጋዴ ሲያዋክበኝ አብረውኝ ይሁኑ» አለኝና መርካቶ ወረድን። በዚያ ቀን ያየነውን በሰፊው ልንገራችሁ፤ ምርጫው ከዋጋው ክርክር ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብናልና።

የባሕር ዛፉን መሰላል ማንም ያውቀዋል። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በማገዶ እጦት በተቸገረች ጊዜ ተተክሎ ከተማይቱን ያቆማት እርሱ ነው። ዛሬም ሕንፃ ሲሠራ ግንበኛው የሚቆምበት የአጠና ርብራብ ከእርሱ ነው። ስለዚህ እርሱን መናቅ ውለታ መርሳት ይሆናል። ለአጭር ጊዜ፤ ለዝቅተኛ ቦታ፤ መወጣጫው በቋሚው ላይ ተፈልፍሎ ገብቶ በገመድ ወይም በሽቦ ጠብቆ ከታሰረ ይሠራበታል። ቀለም የተቀባ የእንጨት መሰላል ግን አትግዙ፤ ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናልና።

ሁለተኛው በያጆች የሚሠሩት የብረት መሰላል ነው። ብርቱ ነው፤ ነገር ግን እጅግ ይከብዳል። አንድ ሰው ብቻውን አምስት ሜትር ብረት ሲያነሣ ራሱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝበታል፤ መስተዋቱን ሊጠርግ የመጣው ሰው መስተዋቱን ሰብሮ ይሄዳል። ብየዳውም ከውጭ ሲያዩት ደኅና መስሎ ከውስጥ ዝጎ ይገኛል። ወጣቱ አንዱን አንሥቶ ሞከረና ሣቀ፤ መልሶም አስቀመጠው።

ሦስተኛው እየተሳበ የሚረዝመው መሰላል ነው። ተጣጥፎ ሲያበቃ ከአንድ ክንድ ተኩል ብዙ አይበልጥም፤ በሚኒባስ ውስጥ ከወንበር ሥር ይገባል። ወጣቱ ይህን ባየ ጊዜ ዐይኑ በራ፤ እንዴትስ አይበራ? ከገርጂ ወደ አያት፤ ከአያት ወደ ጎሮ የሚዞር ሰው ነውና። ነገር ግን የዚህ መሰላል ጕልበት ያለው በየመወጣጫው ጎንና ጎን በሚገቡ ትንንሽ ቍልፎች ላይ ነው። አንዱ ሳይገባ ቢቀር መሰላሉ ሰውዬውን እንደ ተሸከመ ወደ ውስጡ ይገባል፤ ጣትም ይቈርጣል። አቧራም የእነዚህ ቍልፎች ጠላት ነው፤ የቦሌን አቧራ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። ነጋዴው ያሳየንን መሰላል ወጣቱ ዘርግቶ ቍልፎቹን አንድ በአንድ ሲፈትን አንደኛው አልያዘም። ነጋዴው «ሲለምድ ይይዛል» አለን። እኔም በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ሲለምድ የሚይዝ ቍልፍ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያም የአሉሚኒየም መሰላል ዐየን። ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም ስለዚህ ነው። ክፋቱ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአጠገቡ የፋይበር ግላስ መሰላል ቆሟል፤ ይህ ደረቅና ንጹሕ እስከ ሆነ ድረስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ከአሉሚኒየሙ ይከብዳል፤ ዋጋውም ይበልጣል። በቤቱ አጠገብ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ሰው ይህን ቢመርጥ ገንዘቡን አላጠፋም። ወጣቱ ግን የዕቁቡ ገንዘብ ለዚህ አልበቃውም፤ ስለዚህ ሁለት ቍራጭ ሁኖ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተተ የሚረዝመውን አሉሚኒየም መረጠ። እግሩ ላይ ወፍራም ጎማ አለው፤ በጎኑም ላይ የሚሸከመው ክብደት ተጽፎበታል፤ በአውሮፓ ሥርዐት መሠረት የተሠራ መሰላል 150 ኪሎ እንዲችል ይጠበቃል። ሰው ራሱን ብቻ እንዳይመዝን፤ ባልዲውም አለ፤ 10 ሊትር ውኃ 10 ኪሎ ነውና።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እናድርግ፤ ሰሌዳችሁን አውጡ። እያንዳንዱ ቍራጭ 3 ሜትር ከግማሽ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 7 ሜትር ይሆናል፤ ነገር ግን 7 ሜትር መሰላል አላችሁ ማለት አይደለም። ሁለቱ ቍራጮች አንዱ በአንዱ ላይ አንድ ሜትር ያህል ካልተደራረቡ በመካከል ይታጠፋሉ፤ ስለዚህ የቀራችሁ 6 ሜትር ነው። መሰላልም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ያጋደለ መሆን አለበት። ሕጉም ይህ ነው፤ ወደ ላይ ለአራት፤ ከግድግዳው ርቆ አንድ። ራሱ 4 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደገፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፤ 5 ሜትር ላይ የሚደገፈው 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ከዚህ ይልቅ ቢቀርብ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ቢርቅ እግሩ ይንሸራተታል። መለኪያ የሌለው ሰው በገዛ አካሉ ሊለካ ይችላል፤ የእግሩን ጣቶች ከመሰላሉ እግር ጋራ አስጠግቶ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እጆቹንም በትከሻው ልክ ወደ ፊት ይዘርጋ፤ መዳፎቹ መሰላሉን በደንብ ከነኩት አቋቋሙ ልክ ነው።

የእትዬ ላይኛው መስኮት ደፉ ከመሬት 4 ሜትር ይሆናል፤ የመስኮቱ ራስ 5 ሜትር ከግማሽ ነው። ከመሰላሉ ራስ ያሉትን ሦስት መወጣጫዎች ለእጅ ትተን እግራችንን ከአራተኛው በላይ አናወጣም፤ ስለዚህ መሰላሉ 5 ሜትር ላይ ቢደገፍ የሰውዬው እግር 4 ሜትር ከጥቂት ላይ ይቆማል፤ እጁም ያለ ምንም ጭንቀት ከመስኮቱ ራስ ይደርሳል። ያ ተውሶ የመጣው የባሕር ዛፍ መሰላል ግን ቁመቱ ከ3 ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ወጣቱ ይህን ሁሉ በቍጥር አላሰበውም፤ በዐይኑ ዐይቶ አይበቃም አለ እንጂ። ዐይን የሚሳሳተውን ግን ቍጥር ያርመዋል፤ ሒሳብ የምትማሩትም ለፈተና ብቻ አይደለም።

መሰላል ከመሬት ይጀምራል። በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ብዙው አፈር ጥቍር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ ይላቁጣልም። ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመ መሰላል አንድ እግሩ ወደ አፈሩ ሲሰጥም ቀስ ብሎ ወደ ጎን ያጋድላል። ስለዚህ ከሁለቱም እግሮች ሥር አንድ ሰፊ ሳንቃ ማንጠፍ ይገባል። ዝቅ ካለው እግር ሥር ድንጋይ መጐዝጐዝ ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ከፍ ያለውን አፈር ቈፍሮ ማስተካከል ይሻላል። በግቢው ውስጥ ሴራሚክ ከተነጠፈ አስቀድሞ ውኃውንና ሳሙናውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ፤ የመሰላሉንም ታችኛ መወጣጫ ከብርቱ ነገር ጋራ ማሰር ነው። የእንጨት መሰላል ያለው ሰው በረባሶ ከሚሠራበት ከአሮጌ ጎማ ሁለት ቍራጭ ቈርጦ ከእግሮቹ ሥር ቢቸነክርበት ብዙ ይረዳዋል፤ ዋጋውም ከምንም አይቈጠርም።

ራሱስ በምን ላይ ይደገፍ? በመስተዋት ላይ ፈጽሞ አይደገፍም፤ በአሉሚኒየሙ ክፈፍ ላይም አይደለም፤ ከጣራው ሥር ባለው አሸንዳ ላይም አይደለም፤ አሸንዳ ውኃ ለመሸከም ነው እንጂ ሰው ለመሸከም አልተሠራም። መስኮቱ ሰፊ ሲሆን ከመሰላሉ ራስ ላይ አንድ ረዘም ያለ ጠንካራ ሳንቃ አግድም ይታሰራል፤ የሳንቃው ሁለት ጫፎች ከመስኮቱ ወዲያና ወዲህ ባለው ግድግዳ ላይ ያርፋሉ፤ ጫፎቹም በጨርቅ ይጠቀለላሉ፤ ቀለሙን እንዳይልጡት። ሠራተኛውም በመካከል ሁኖ መስተዋቱን ፊት ለፊት ይጠርጋል። ወደ ጎን የሚዘረጋም ቢሆን የቀበቶው ዘለበት ከመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች ውጭ አይውጣ። ያች አንዲት ክንድ ርቃ የቀረች ጥግ ብዙ ሰው ጥላለች፤ ወርዶ መሰላሉን ማንቀሳቀስ ይሻላል። ባልዲው በመንጠቆ ይንጠልጠል፤ ሲወጣና ሲወርድም ሁለት እግርና አንድ እጅ፤ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ዘወትር መሰላሉን ይያዙ።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ነገር ልጨምር። በየሰፈሩ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ 220 ቮልት ይሸከማል፤ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ የሚያልፈው ደግሞ 15 ሺህ ቮልት ነው። ሽቦው ከአጥር በላይ ከፎቁ መስኮት ጋራ ትክክል ሁኖ የሚያልፍባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የብረትና የአሉሚኒየም መሰላል ወደዚያ አይቀርብም፤ የረጠበ እንጨትም ቢሆን አይታመንም። ሠራተኛው ረጅሙን መሰላል ከማንሣቱ በፊት መጀመሪያ ቀና ብሎ ይመልከት።

ደግሞ መሰላል የማይሆንበት ቦታ አለ። ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ላለው የኮንዶሚኒየም ቤት መሰላል መፈለግ ከንቱ ነው። በአፍሪካ ጎዳና ዳር የቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች የሚጠረጉት በገመድ ተንጠልጥለው ሥራውን በተማሩ ሰዎች ነው። ባለ ሁለት ፎቅ የሆነውንም ቤት ከምድር ሁኖ ረጅም ዘንግ ባለው መጥረጊያ ማድረስ ከተቻለ ጠራጊው እግሩን ከመሬት ባያነሣ ይመረጣል። በሲንጋፖር ከመስኮት የወደቁ የቤት ሠራተኞች በበዙ ጊዜ፤ በ2004 ዓ.ም. መንግሥቱ ሕግ አወጣ፤ የቤት ሠራተኛ ከፍ ያለውን መስኮት በውጭ በኩል የምትጠርገው የመስኮቱ ፍርግርግ ተቈልፎ አሠሪዋ በአጠገቧ ቆሞ ሲያያት ብቻ ነው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር፤ አሠሪም ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን ይህ አዋጅ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ከውስጡ ስላወጣው የቤት ሠራተኞቹ ከውጭ ቀርተዋል። በመስኮቱ ደፍ ላይ የቆመችው ያች ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ሳለች ሕጉ እርሷን አለማየቱ ለእኔ አልዋጥ ያለኝ ነገር ነው።

የወጣቱ መሰላል በሚኒባስ ውስጥ አይገባም፤ ጣራ ላይ ካልጫኑት በቀር። የመጀመሪያውን ወር በትከሻው ተሸክሞ ከገርጂ እስከ ጎሮ በእግሩ ሄደ። በሚቀጥለው ነሐሴ እትዬ በዘበኛው አስጠሩት። ሲደርስ ምንም አልተናገሩም፤ ቡና አስፈልተው ጠበቁት እንጂ። እርሱ ላይ ሁኖ ሲጠርግ ዘበኛው ከታች የመሰላሉን እግር ረግጦ ቋሚውን ይዞ ቆመ፤ እትዬም ከደጃፉ ወጥተው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አልገቡም። ሲወርድም «ይህን ብረት በየቀኑ ከምትሸከም ከእኔ ዘንድ አስቀምጠው፤ በፈለግኸው ጊዜ መጥተህ ውሰድ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ መሰላሉ በእትዬ ግቢ ነው። እንደ ወደቀ መሬት ላይ አላጋደሙትም፤ አቁመውም አልተዉት፤ ከቤቱ በስተ ኋላ ዝናም በማይደርስበት ከጣራው ጥላ ሥር በግድግዳው ላይ ሦስት ብርቱ ማንጠልጠያ ተመቶ በአግድሙ ተሰቅሏል። አንዱ ማንጠልጠያ በመካከል ነው፤ መካከሉ እንዳይጐብጥ። በሰንሰለትም ታስሯል፤ ምክንያቱም በአጥሩ ራስ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ያስተከለ ሰው በግቢው ውስጥ ያልታሰረ መሰላል ቢተው ለሌባው ደረጃ እንዳዘጋጀለት ይቈጠራል፤ የሰፈሩም ልጆች ካገኙት ይወጡበታል። የሰንሰለቱን ቍልፍ እትዬ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል።